አርማው ከመነቀሉ በፊት፦ «አሮጌውን ጥላችሁ አዲስ ግጠሙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የቆዩ መኪኖችን ስለመንከባከብ የተጻፈና በባለቤቶች ዘንድ ብዙ የተነበበ አንድ ጽሑፍ፣ የደበዘዘ ወይም የተሰነጠቀ የፕላስቲክ አርማ ያለው ሰው ሁሉ አርማውን ነቅሎ እንዲጥልና ከገበያ አዲስ ገዝቶ እንዲገጥም ይመክራል። ጸሐፊው ምክራቸውን በስድስት ነጥቦች ደግፈውታል። ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ አይጠገንም ይላሉ፤ ልሞክር የሚል ቢኖር እንኳ የጥርስ ሳሙና፣ አሴቶንና ሱፐር ግሉ ይበቁታል ይላሉ፤ ዛሬ የሚሸጠው ቅጂ ከፋብሪካው አርማ አይለይም፣ ጥገናው ከግዢው ይበልጥ ያስወጣል፣ በገበያ የታጣውንም በስሪዲ ፕሪንተር ማተም ይቻላል ይላሉ፤ በመጨረሻም አርማ ጌጥ ብቻ ስለሆነ የአዲስ አበባ ቮልስ ወይም ኮሮላ ባለቤት ስለ ኦሪጅናልነቱ ሊጨነቅ አይገባም ብለው ይደመድማሉ። ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ጸሐፊው የቆዩ መኪኖች ከመንገድ እንዳይጠፉ ይፈልጋሉ፣ እኔም እንደዚያው። ነገር ግን ምክሩ እንዳለ ከተወሰደ ሊድኑ የሚችሉ ብዙ አርማዎች በየጋራዡ ቆሻሻ ውስጥ ስለሚቀሩ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልስበታለሁ። በቆዩ መኪኖች ላይ የምናገኛቸው የፕላስቲክ አርማዎች በአሠራራቸው ቢያንስ በሦስት ይከፈላሉ፤ የሚጎዱበት መንገድም ለየቅል ነው። አንደኛው ዓይነት አክሪሊክ ከሚባለው ጥርት ፕላስቲክ የተቀረጸው ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ የአሜሪካ መኪኖች ኮፈንና መሪ ላይ የሚታየው፣ ወደ ውስጥ ጥልቀት ያለው የሚመስል ቀይና ወርቃማ አርማ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው፤ ቀለሙና ብርማው ሽፋን ያሉት በፊቱ ሳይሆን በጀርባው በተቀረጹት ጎድጓዶች ውስጥ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ብርሃን በማያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ቅርጹ ታትሞ በሌላ ቀለም የሚደምቀው ነው፤ በብዙዎቹ የ1960ዎቹ ቮልስዋገኖች መሪ መካከል፣ በክላክሱ ቁልፍ ላይ ያለው የዎልፍስበርግ ከተማ አርማ፣ ማለትም በግንብ ላይ የቆመው ተኩላ፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሦስተኛው ኤቢኤስ በሚባለው ፕላስቲክ ላይ ክሮም የተለበጠው ሲሆን፣ በመንገዶቻችን ላይ እስከ ዛሬ የሚሽከረከሩት የ1980ዎቹ ኮሮላ ዲኤክሶች በኋላ ኮፈናቸው ላይ የሚሸከሙት ጽሑፍ የዚህ ዓይነት ነው።

ጸሐፊው «ፀሐይ የበላው» ብለው በአንድነት የጠቀለሉት ጉዳት በሦስቱ ላይ አንድ አይደለም። አክሪሊክ ከተለመዱት ፕላስቲኮች መካከል ፀሐይን በሚገባ ከሚቋቋሙት አንዱ ነው፤ ለአውሮፕላን መስኮትና ከቤት ውጭ ለሚሰቀል ማስታወቂያ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። የአክሪሊክ አርማ ሲደበዝዝ በአብዛኛው የተጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የፊቱ ገጽ በአቧራ፣ በሻካራ ጨርቅና በማይስማማው ኬሚካል ተጫጭሯል፤ ሁለተኛ፣ ከጀርባ የገባ እርጥበት ቀለሙንና ብርማውን ሽፋን ከፕላስቲኩ አላቅቆታል። በሁለቱ መካከል ያለው የፕላስቲኩ አካል ግን ደህና ነው። እንግዲህ የሞተ ተብሎ የሚጣለው አርማ የሚያስፈልገው ፊቱን ማወልወልና ጀርባውን እንደገና መቀባት ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሥራው ራሱ ይህን ይመስላል። የተነቀለው አርማ ለብ ባለ ውሃና በሕፃናት ሻምፑ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። የጀርባው ቀለም ጤነኛ ከሆነ ጀርባው ፈጽሞ አይነካም፤ የሚቀረው የፊቱን ጭረት በውሃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ነው። ጭረቱ ጥልቅ ከሆነ ሻካራ ከሆነው ከ800 ቁጥር፣ ካልሆነ ከ1500 ተጀምሮ ወደ ለስላሳዎቹ 2000 እና 3000 ይኬድና በመጨረሻ በፕላስቲክ ፖሊሽ ይወለወላል። ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር የመፈተጊያው አቅጣጫም መለወጥ አለበት፤ አለዚያ የቀደመው ወረቀት የተወው መስመር መጥፋቱን ለማየት አይቻልም፤ እሱ ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ የሄደ ሰው ፖሊሹ ላይ ሲደርስ ተመልሶ መጀመር ይኖርበታል። የጀርባው ቀለም ከተላቀቀ ደግሞ የላላው ብቻ በስቲኪኒ ጫፍ ይነሣል እንጂ በብረት አይፋቅም፤ ከጀርባ የደረሰ ጭረት ከፊት ሲታይ ጎልቶ ይወጣልና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቅደም ተከተል ትዕግሥት ይጠይቃል። ከፊት ሲታይ ከሁሉም በላይ ሆኖ የሚታየው ነገር ከጀርባ ቀድሞ መቀባት አለበት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉና ቀጫጭኑ መስመር፣ ቀጥሎ ሰፊው መደብ፣ በመጨረሻ ሁሉንም የሚዘጋው ጥቁር ሽፋን ይቀባል። መደቡ ብርሃን በሚያሳልፍ ቀለም የተሠራ ከሆነ በእሱና በጥቁሩ መካከል ብርማ ሽፋን ያስፈልጋል፤ ያ ሽፋን ከተዘለለ ቀዩ ብርሃን የሚመልስለት ስለማያገኝ ጠቁሮ ቡናማ ይመስላል። ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ቢሆን ይመረጣል፤ ለላሜራ የሚያገለግለው የኒትሮ ቀለምና ቲነሩ ፕላስቲኩን ስለሚያሟሙ ጥርት ያለውን አካል ያደፈርሱታል። እያንዳንዱ ሽፋን በደንብ ሳይደርቅ ሌላው እንዳይደረብ መጠንቀቅ ነው፤ ከዚህ ሌላ የተለየ መሣሪያም ሆነ ልዩ ሙያ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ዓይነት፣ የቮልስዋገኑ የክላክስ ቁልፍ የሚገኝበት፣ ከዚህም ይቀላል። የግንቡና የተኩላው መስመር በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይሞላና፣ ከመስመሩ የወጣው ቀለም ሳይደርቅ ጠንካራ ካርቶን ላይ በተጠቀለለ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ይጠረጋል፤ ጨርቁ በጣት ብቻ ከተያዘ ወደ ጎድጓዱ ገብቶ የተሞላውን መልሶ ያወጣዋል። ሦስተኛውን ዓይነት በተመለከተ ግን ጸሐፊው በአመዛኙ ትክክል ናቸው። ኤቢኤስ በሙቀት ሲለጠጥና በቅዝቃዜ ሲኮማተር ከለበሰው ብረት ብዙ እጥፍ ስለሚንቀሳቀስ፣ ሽፋኑ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ውሃ ካስገባ ክሮሙ ከጠርዙ ጀምሮ እየተነሣ ይሄዳል። ይህን በቤት ውስጥ የሚመልስ መንገድ የለም። ከታች መዳብ፣ በላዩ ኒኬል፣ ከሁሉም በላይ እጅግ ስስ የክሮም ሽፋን የሚለብጠው ሥራ የፋብሪካ ሥራ ነው፤ በቆርቆሮ የሚሸጠው «ክሮም» የሚረጭ ቀለምም የአሉሚኒየም ዱቄት ያለበት ቀለም እንጂ ክሮም አይደለም፣ መከላከያ ቫርኒሽ ሲደረብበትም ብልጭታው ወደ ግራጫነት ይወርዳል። ክሮሙ ከግማሽ በላይ የተላጠ የዲኤክስ ጽሑፍ ያለው ሰው ሌላ ቢፈልግ አልቃወመውም። የምቃወመው የአንዱን ዓይነት ፍርድ በሦስቱም ላይ መጫንን ነው።

ስለ ፀሐይ ካነሣን አይቀር፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗን ጽሑፉ አለማንሣቱ አስገርሞኛል። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ደጅ የሚያድር መኪና ላይ ያለ አርማ የሚቀበለው ጨረር በባሕር ዳርቻ ከተማ ካለው የበረታ ነው። ይህ ግን ለጸሐፊው መደምደሚያ ድጋፍ አይሆንም። በአስተማማኝ ቁስ ያልተሠራ ቅጂ በዚህ ጨረር ቀድሞ የሚጎዳ ስለሆነ፣ ነገሩ የሚመዝነው ወደ ተቃራኒው ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ለአንባቢ በጣም ያሰጋኝ ክፍል ይኸው ነው። አሴቶን አክሪሊክንም ኤቢኤስንም ያሟማል። በአሴቶን የተነከረ ጥጥ በጥርት አርማ ላይ አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነጭና ዝልግልግ ገጽ እስከ ጥልቁ ካልተፈተገ አይመለስም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ አሴቶን ያለበት ስለሆነ ያው ነው። አልኮል የበዛበት ማጽጃም ቢሆን፣ ሲቀረጽ በውስጡ ውጥረት የቀረበት አክሪሊክ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆችን ያወጣል። በየመኪና እጥበቱ ፕላስቲክን ለማብረቅ በናፍታ ወይም በቤንዚን የመወልወል ልማድም ሊቀር ይገባዋል፤ ባለቤቱ ቆሞ «አርማውን በሳሙና ብቻ» ማለት ይችላል።

የጥርስ ሳሙና እንደ አሴቶን አደገኛ አይደለም። በጥርት አክሪሊክ ላይ ቀላል ጭረት ያነሣል፤ ቢሆንም የዱቄቱን ልክ ሳናውቅ የምንፈትግበት ነገር ነው፣ በፊደሉ ማእዘናት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅም ነጭ ሆኖ ይቀራል። በክሮም አርማ ላይ ግን ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ከላይ ያለው የክሮም ሽፋን ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ስለሆነ ደጋግሞ የሚፈትገው ሰው ክሮሙን ጨርሶ ኒኬሉ ላይ ይደርሳል፤ ኒኬሉ ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሲሆን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይደበዝዛል። ሱፐር ግሉም ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት በአካባቢው ላይ ነጭ ጉም ስለሚተው ለጥርት አርማ አይሆንም። ከአርማው ጀርባ ወጥቶ ላሜራው ውስጥ ለሚገባው እግር፣ ከተሰበረ፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ባለ ሁለት ቅልቅል ኢፖክሲ ይሻላል። እዚህ ላይ አሴቶን አንድ ተገቢ ቦታ እንዳለው መናገር ፍትሐዊ ነው፤ ከማያገለግል የኤቢኤስ ቁራጭ የተፋቀ ፍርፋሪ በጥቂት አሴቶን ተሟሙቶ እንደ ሊጥ ሲሆን፣ የተሰነጠቀ የኤቢኤስ አርማን ከጀርባው በኩል አጥብቆ ይይዛል። ይህም ቢሆን ከጀርባ ብቻ፣ በጥቂቱና አየር በሚገባበት ቦታ ነው። አርማው ከየትኛው ፕላስቲክ እንደተሠራ ያላወቀ ሰው ማንኛውንም ፈሳሽ ከመጠቀሙ በፊት በማይታየው የጀርባ ጠርዝ ላይ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ ይሞክር።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ቅጂው ከፋብሪካው አርማ አይለይም የሚለው፣ በፎቶግራፍ ሲታይ እውነት ሊመስል ይችላል። በላሜራው ላይ ሲገጠም ግን እንደዚያ አይደለም። የፋብሪካው አርማ ከጀርባው እግሮች አሉት፤ እግሮቹ በላሜራው ላይ በተበሱት ቀዳዳዎች ገብተው ከውስጥ በኩል በትንንሽ መያዣዎች ይጠበቃሉ። የቅጂው እግሮች አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ተዛንፈው ከመጡ ቀዳዳዎቹ አይቀበሏቸውም። ያን ጊዜ ሠራተኛው ወይ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ያሰፋል፣ ወይም እግሮቹን ቆርጦ አርማውን በባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ይለጥፈዋል። ቀዳዳው ሲሰፋ የፋብሪካው ቀለም ተነሥቶ እርቃኑን የቀረ ብረት ይወጣል፤ ሲለጠፍ ደግሞ አሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ከማጣበቂያው ሥር ይቀራሉ። በሁለቱም መንገድ የሚገባው ውሃ ነው።

በቅርቡ ያየሁት አንድ ቀይ ኮሮላ ይህን በግልጽ ያሳያል። በኋላ ኮፈኑ ላይ የተለጠፈው አዲስ ጽሑፍ ከቀድሞው ትንሽ ያጠረ ነበር፤ ፀሐይ ያላገኘው የድሮው ጽሑፍ ቅርጽ በደማቅ ቀይ ሆኖ ከአዲሱ ጠርዝ ውጭ ይታያል፤ ከመጨረሻው ፊደል ሥር ደግሞ የዝገት መስመር እስከ ታርጋው ድረስ ወርዷል። አርማው ሲነሣ የድሮው ቀዳዳ ዙሪያ በጣት ሲነካ የሚፈረፍር ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ አርማ ገዝተው የከፈሉት አነስተኛ ገንዘብ ወደ ባትላሜራና ቀለም ወጪ ተለውጧል። ጸሐፊው የቅጂውን ዋጋ ሲያሰሉ ይህን ማስገባት ነበረባቸው።

ከአገጣጠሙ ሌላ የመልክ ልዩነትም አለ። ብዙ ቅጂ ካረጀ ናሙና ላይ በተወሰደ ቅርጽ ስለሚሠራ የናሙናው ድካም አብሮ ይቀዳል፤ የፊደላቱ ጠርዝ ይደንዛል፣ ቀጫጭኑ መስመር ይወፍራል፣ የዎልፍስበርጉ ተኩላ ጆሮና ጅራት ከግንቡ ጋር ይቀላቀላሉ። ጥርት ባለው የአክሪሊክ አርማ ምትክ የሚሸጠው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከላዩ ሬዚን፣ ማለትም ፈሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ፣ የፈሰሰበት ስቲከር ነው፤ ጥልቀቱን የሚሰጠው ከጀርባ የተቀረጸው ቅርጽ ስለሌለው ከጎን ሲታይ ጠፍጣፋነቱ ይታወቃል፣ ርካሽ ሬዚን ከሆነም ፀሐይ ላይ ቢጫ ይሆናል። ሁሉም ቅጂ መጥፎ ነው እያልሁ አይደለም። ቮልስዋገንን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ለቆዩ መኪኖቻቸው መለዋወጫ የሚያቀርብ የራሳቸው ክፍል አላቸው፤ በፈቃድ የሚሠሩ ጥሩ አምራቾችም አሉ። ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚፈልግ ሰው ግን አዲሱንና አብረቅራቂውን ከማንሣቱ በፊት፣ እግሩ የተሰበረ ወይም ቀለሙ የለቀቀ ያገለገለ ኦሪጅናል እንዳለ ቢጠይቅ ይሻለዋል። የተሰበረ እግር የሚተካ ነገር ነው፤ በጉቶው መካከል በእጅ በሚዞር ቀጭን መሰርሰሪያ ትንሽ ተበስቶ፣ ራሷ የተቆረጠች ቀጭን የነሐስ ቪቴ በኢፖክሲ ትተከላለች። የደነዘ ፊደልን ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

እዚህ ላይ የአቅርቦቱንም ጉዳይ ማሰብ ያስፈልጋል። የመጨረሻው የድሮ ሞዴል ቮልስ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣው በሐምሌ 2003 ነው፤ በኢትዮጵያም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2024 መጀመሪያ ላይ ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ እየመጣ ለመለዋወጫ የሚፈታ አሮጌ መኪና ይኖራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በአገር ውስጥ ያለው ኦሪጅናል አርማ ዛሬ በመኪኖቹ ላይና በባለሱቆች መደርደሪያ ላይ ያለው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ በተጣለ ቁጥር የሚተካው የለም።

የዋጋው ነጥብ ብዙ አያነጋግርም። ከላይ የዘረዘርሁት ጥገና የሚፈልገው ጥቂት ብርጭቆ ወረቀት፣ ትንንሽ የአክሪሊክ ቀለሞች፣ ቀጭን ብሩሽና ኢፖክሲ ነው፤ ሁሉም መርካቶ ይገኛል፣ አንድ ጊዜ የተገዛውም ለብዙ አርማ ይበቃል። የሚፈጀው ጊዜ በአብዛኛው የማድረቂያ ጊዜ ነው። ጸሐፊው ያሰሉት ወጪ አርማውን ወደ ውጭ አገር ልኮ ክሮም ማስለበጥን የሚጨምር ስለሆነ ከፍ ማለቱ አይገርምም፤ ያ ስሌት ለሦስተኛው ዓይነት እውነት ነው፣ ለሁለቱ ግን አይሠራም።

አምስተኛውን ነጥብ፣ የስሪዲ ፕሪንተሩን ጉዳይ፣ ጸሐፊው እንዳቀረቡት ተስፋ ሰጪ አድርጌ ለማየት ፈልጌ ነበር፤ መሣሪያው ጠቃሚ ነውና። ነገር ግን አንባቢው ማወቅ ያለበት ነገር ተዘሏል። በየማተሚያ ቤቱ በብዛት የሚሠራበት ፒኤልኤ የተባለው ፕላስቲክ በግምት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ በቀትር ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር መኪና ኮፈን ደግሞ ይህን ሙቀት ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለ አርማ ሳይሰበር ጎብጦ ከላሜራው ይነሣል። በብርሃን የሚጠነክር ሬዚን የሚጠቀመው ማተሚያ ጥርት ያለ ቅርጽ ያወጣል፤ ተራው ሬዚን ግን ጨረር በበዛበት ቁጥር እየደረቀና እየተሰባበረ ይሄዳል። ኤኤስኤ የተባለው ፕላስቲክ ሙቀትንም ጨረርንም የተሻለ ስለሚችል፣ ማተም ግድ ከሆነ እሱን ነው የምመክረው፤ ያም ሆኖ የንብርብሩ መስመር ከፊት እንዳይታይ መፈተግና መሞላት አለበት።

የፕሪንተሩ ትክክለኛ ጥቅም ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከውስጥ የሚይዘው መያዣ ሲጠፋ፣ እግሩ ከሥሩ ሲነቀል፣ በአርማውና በላሜራው መካከል የሚገባው መደላድል ሲበላሽ፣ የማይታየውን ክፍል አትሞ የሚታየውን ኦሪጅናል ማዳን ይቻላል። ሙሉ አርማ የጠፋበት ሰውም ቢሆን ከፎቶግራፍ ተስሎ ከሚታተም ይልቅ፣ ተመሳሳይ መኪና ካለው ጓደኛው ደህና አርማ ተውሶ በሲሊኮን ጎማ ቅርጹን ቢወስድና በፖሊዩሬቴን ሬዚን ቢያፈስ ይሻለዋል፤ ሲሊኮን የገጹን ጥቃቅን መስመር ሁሉ ይቀዳል፣ የተዋሱትንም አርማ አይጎዳም። ሬዚኑ ሲደባለቅ በዝግታ መማሰል፣ መጀመሪያም በስስ ብሩሽ ወደ ፊደሎቹ ጥግ መቀባት አለበት፤ አለዚያ የታሰረው አየር በፊደሉ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ የተሠራ ቅጂ ከጀርባው የተሠራበት ዓመት ቢቀረጽበት በኋላ ሌላ ባለቤት ኦሪጅናል መስሎት አይታለልም።

የቀረው፣ አርማ ጌጥ ብቻ ነው፣ የእኛ መኪኖችም የሙዚየም ዕቃ አይደሉም የሚለው ነጥብ ነው። አርማ መኪናው የተሠራበትን ዘመን የሚናገር ምስክር ነው። የዎልፍስበርጉን ጋሻ በኮፈኑ ላይ የያዘ ቮልስ ከ1950ዎቹ ወይም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደመጣ፣ ፊያት ላይ አራቱ ያዘነበሉ ካሬዎች ከታዩ አርማው ከ1968 በኋላ የወጣ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያውቃል። መኪናው ቀለሙ ተለውጦ፣ ሞተሩ ተቀይሮ፣ ወንበሩ ተሰፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ከፋብሪካው እንደወጡ ከቀሩት ጥቂት የሚታዩ ነገሮች አንዱ ብዙ ጊዜ አርማው ነው። በዘመኑ ያልነበረ አርማ ሲለጠፍበት መኪናው ስለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ሐሰት ይሆናል።

በ1966 የተመሠረተውና ፊቫ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን ተሽከርካሪ ነው፤ በዚህ ልክ ጸሐፊው አሮጌ ኮሮላ እያሉ ያለፏቸው የ1980ዎቹ መኪኖች ሁሉ ዕድሜያቸውን ሞልተዋል። እርግጥ ፌዴሬሽኑ ተሽከርካሪው የዕለት ተዕለት መጓጓዣ እንዳይሆን ይሻል፤ የእኛዎቹ ግን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ፣ ዕቃ የሚጭኑ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው እንደ ላዳዎቹ ሕዝብ ያመላለሱ ናቸው። ይህ ልዩነት ክብራቸውን ይቀንሳል ብዬ አላምንም። አንድ መኪና ለቤተሰብ እንጀራ እየሠራ ይህን ያህል ዓመት መቆየቱ ራሱ ሊጠበቅ የሚገባው ታሪክ ነው። የፌዴሬሽኑ የቱሪን ቻርተር የሚያስቀምጠው ቅደም ተከተልም ለሀብታም ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ መጀመሪያ ያለውን መጠበቅ፣ ቀጥሎ በመጠኑ መጠገን፣ የግድ ሲሆን መተካት፣ የተተካውም ክፍል ተለይቶ እንዲታወቅ ምልክት ማድረግ ነው። ብርጭቆ ወረቀትና ብሩሽ የያዘ ማንኛውም ባለቤት ይህን መከተል ይችላል።

ስለዚህ ጸሐፊው ምክራቸውን አሻሽለው ቢያወጡ ሦስት ነገሮች እንዲገቡበት እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፣ አርማው ከመነቀሉ በፊት ዓይነቱ እንዲለይ ነው። ሁለተኛው አነቃቀሉ ነው፤ በካቻቢቴ ከፊት ተፈልቅቆ የሚወጣ አርማ እግሩን ጥሎ፣ ቀለም ልጦ ይወጣል፤ መያዣዎቹ ከውስጥ በኩል መፈታት አለባቸው፣ የተለጠፈ ከሆነም በፀጉር ማድረቂያ ለብ ተደርጎ በዓሣ ማጥመጃ ክር ከሥሩ ይጋዛል፤ ተመልሶ ሲገጠም በየቀዳዳው ዙሪያ የፀረ ዝገት ቀለምና ማሸጊያ ይደረጋል። ሦስተኛው፣ መተካት ግድ የሆነበት ባለቤት አሮጌውን እንዳይጥል ነው። የተላጠው የዲኤክስ ጽሑፍ ታጥቦና ደርቆ፣ አየር በሚያስገባ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከሙቀትና ከፀሐይ ርቆ በሣጥን ይቀመጥ፤ በወረቀቱ ላይ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር፣ የወጣበት ቀንና የትኛው ጎን ላይ እንደነበረ ይጻፍ፤ መኪናው ሲሸጥም ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይሰጥ።